የትራክተር እርሻ ውል በሕግ የሚሰረዝበት መንገድ

ለእርሻ ልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

ባለ ትራክተሩ በተዋዋለበት ቀን ሳይመጣ ሲቀር ውሉ በራሱ የቀረ መስሎ ሊታይ ይችላል። ማኅበሩም የዘር ወቅት እንዳያልፍበት ፈጥኖ ሌላ ትራክተር ይከራያል። ነገር ግን ውሉ በሥርዓት ካልተሰረዘ የመጀመሪያው ባለ ትራክተር ዘግይቶ መጥቶ ማኅበሩን ውል አፍራሽ ነህ ሊለው ይችላል። ስለዚህ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚያዘውን አሠራር ከዚህ በታች እናቀርባለን።

1. ማስጠንቀቂያ መስጠት፦ ሥራው የሚጀመርበት ቀን ከደረሰ በኋላ ባለ ትራክተሩ ግዴታውን እንዲፈጽም ይጠየቃል (ቁጥር 1772 እና 1773)። ለማስረጃ እንዲሆን ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፤ የተቀበለው ሰው የፈረመበት ግልባጭም በማኅበሩ ይቀመጥ።

2. ቀነ ገደብ መወሰን፦ በማስጠንቀቂያው ላይ «ከዚህ ቀን በኋላ ሥራውን አንቀበልም» ተብሎ ተገቢ ጊዜ ይሰጣል (ቁጥር 1774)። የልማት ሠራተኛው ምክር በብርቱ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ እርሻው ሰኔ 25 እንዲጀመር፣ ዘሩም ሐምሌ 15 እንዲዘራ ታቅዶ ከሆነ ለድጋሚ እርሻ የሚበቃ ጊዜ ተቀንሶ ገደቡ ይወሰናል።

3. ስረዛውን ማስታወቅ፦ ገደቡ ሥራው ሳይፈጸም ካለፈ ማኅበሩ ውሉን ሊሰርዝ ይችላል (ቁጥር 1787)። ይህንንም በደብዳቤ ለባለ ትራክተሩ ያስታውቅ። ሌላ ትራክተር የሚከራየው ከዚህ በኋላ ነው።

4. ሒሳብ መተሳሰብ፦ ውሉ ሲሰረዝ ተዋዋዮቹ ወደነበሩበት ይመለሳሉ (ቁጥር 1815)፤ ስለዚህ ቀብድ ወይም ቅድሚያ ክፍያ ይመለሳል። ውሉ መሰረዙም ኪሣራ ከመጠየቅ አያግድም (ቁጥር 1790)። የልማት ሠራተኛው ያልታረሰውን መሬት ለክቶ፣ ቀኑን ጽፎ ቢፈርም ጠቃሚ ማስረጃ ይሆናል።

ባለ ትራክተሩ አልሠራም ብሎ በጽሑፍ ካስታወቀ፣ ወይም ሥራው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ብቻ እንዲፈጸም ተዋውለው ጊዜው ካለፈ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም (ቁጥር 1775)። በአንጻሩ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ውል የሚሰረዘው ዋና ግዴታ ሲጣስ ነው (ቁጥር 1785)። ከብዙ ሄክታር አንድ ጥግ ሳይታረስ ቢቀር ለስረዛ አይበቃም።

ስለዚህ ማኅበራት ገና ሲዋዋሉ የእርሻውን የመጨረሻ ቀን በውሉ ላይ እንዲያጽፉ፣ ያ ቀን ካለፈም ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን መሰረዝ እንደሚችሉ እንዲያስገቡ እንመክራለን። የሚዘራውን ሰብል የሚያውቅ የልማት ሠራተኛ ቀኑን ከዝናቡ ጋር አስማምቶ ይንገራቸው።