የጀልባው መብራት ለምን ጠፋ?

የደንገል ታንኳ ሽቦ የለውም። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ይዞ ይወጣል፤ ደንገሉ ውኃ ሲጠጣበት ከሐይቁ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። በቃ፥ ጥገናው ይኸው ነው። ሞተር ያለው የዓሣ ጀልባ ግን ሌላ ጣጣ አለው። በጣና ሐይቅ ላይ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረቦች ለዓሣ ሥራ መግባት የጀመሩት በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ የዓሣ አጥማጁ ሙያ በመረብና በመቅዘፊያ ብቻ የሚያልቅ አልሆነም፤ ባትሪ፥ ሽቦ፥ ፊውዝና ፓምፕ ማወቅም ተጨመረበት።

ጣና ሰፊ ሐይቅ ነው፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መረብ አመሻሽ ላይ ተጥሎ ንጋት ላይ ስለሚነሣ ጀልባው በጨለማ የሚጓዝበት ሰዓት አለ። መብራቱ ቢጠፋ ሌላው ጀልባ አያየንም። ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ሲረጭብን የውኃ መምጠጫው ፓምፕ እምቢ ቢል ጀልባው እየከበደ ይሄዳል። መካኒኩ ደግሞ ያለው ከተማ ነው። ስለዚህ ብልሽቱን እዚያው ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ጀልባው ላይ መኖር አለበት። ፍለጋው ከባድ አይደለም፤ ሥርዓት ግን ይፈልጋል።

ኤሌክትሪክ ሄዶ የሚመለስ ነገር ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ በአንዱ ሽቦ ይወጣል፤ በፊውዝ ያልፋል፤ በማብሪያ ማጥፊያው ያልፋል፤ አምፑሉ ዘንድ ደርሶ ሥራውን ይሠራል፤ ከዚያም በሌላው ሽቦ ወደ ባትሪው ነጌቲቭ ይመለሳል። መሄጃው ወይም መመለሻው አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ መብራት የለም። ብዙ ሰው መሄጃውን ይፈትሽና መመለሻውን ይረሳዋል።

በመኪና ሥራ የለመደ ሰው በተለይ እዚህ ላይ ይሳሳታል። በመኪና ላይ መመለሻው የመኪናው ብረት ራሱ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ «ማሳ» የሚሉት ይህንን ነው። የእንጨት ወይም የፋይበር ጀልባ ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ማሳ የለውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መብራት ሁለት ሽቦ ያስፈልጋል። የብረት ጀልባስ? በብረቱ መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን አይበጅም። ኤሌክትሪኩ ከብረቱ ወደ ውኃው እየሾለከ የጀልባውን አካል ያስበላዋል። ስለሆነም በብረት ጀልባም ላይ ቢሆን ሁለት ሽቦ ነው የሚዘረጋው።

መፈተሻው ውድ ዕቃ አይደለም። ከመኪና ፍሬን መብራት የወጣ ባለ 12 ቮልት፥ 21 ዋት አምፑልና ሁለት ሽቦ ይበቃል። አንደኛው ሽቦ ከጀልባው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ ቢሆን ጥሩ ነው። ዲጂታል መለኪያ ያለው ሰው «ይሄማ ኋላ ቀር ነው» ይል ይሆናል። እኛ ግን ለዚህ ሥራ አምፑሏን እናስበልጣለን፤ ምክንያትም አለን። አንድ መገጣጠሚያ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዞ በጭንቅ የሚነካካ ከሆነ፥ ፓምፑ ተነቅሎ ሲለካ መለኪያው 12 ቮልት ብሎ ያሳያል፤ መለኪያው የሚጠጣው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነውና። ያ መገጣጠሚያ ግን ፓምፕ አያዞርም። አምፑሏ ወደ 2 አምፔር የሚጠጋ ስለምትጠጣ ደብዝዛ ታጋልጠዋለች። ኤል.ኢ.ዲ. የሚባለው አዲሱ ዓይነት አምፑል ግን ለዚህ አይሆንም፤ የሚጠጣው ጥቂት ስለሆነ በደካማ መስመርም ይበራል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ የጠፋው ሁሉም ነው ወይስ አንዱ ብቻ? ሁሉም ከጠፋ ችግሩ ሁሉም በጋራ በሚጠቀሙበት ቦታ ላይ ነው፤ ባትሪው፥ የባትሪው ማሰሪያ፥ ዋናው ፊውዝ፥ ዋናው ማጥፊያ፥ ወይም ዋናው መመለሻ ሽቦ ይፈተሻል። አንዱ ብቻ ከጠፋ ደህናውን መስመር ምን አነካካን! የጠፋውን መንገድ ብቻ እንከተል።

እስቲ የፊተኛው መብራት ጠፋ እንበል። አምፑሉን አውጥተን እናየዋለን፤ ክሩ ተበጥሶ ከሆነ ሥራው አለቀ። ደህና ከሆነ ማብሪያውን እናበራና የመፈተሻችንን አንድ ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ላይ እናስራለን። በሌላው ጫፍ መጀመሪያ ራሱን የባትሪውን ፖዘቲቭ እንነካለን። በራች? መፈተሻችን ደህና ናት። ከዚያ ከፊውዙ በፊት፥ ከፊውዙ በኋላ፥ ከማብሪያው በፊት፥ ከማብሪያው በኋላ፥ በመጨረሻም መብራቱ ዘንድ የሚደርሰውን ሽቦ እንነካለን። በራች፥ በራች፥ በራች፥ ጠፋች። ብልሽቱ ያለው በመጨረሻ በበራችበትና በጠፋችበት ቦታ መካከል ነው። ከብት የጠፋበት ሰው ዱካ እየተከተለ ሄዶ ዱካው የተቋረጠበትን ቦታ እንደሚያስስ ማለት ነው። እስከ መጨረሻው ከበራችስ? እንግዲያው መሄጃው ደህና ነው፤ የተቆረጠው መመለሻው ነው። አሁን ጫፉን ከነጌቲቩ ፈትተን ፖዘቲቩ ላይ እናስርና መመለሻውን ሽቦ እንደዚያው እየነካን እንሄዳለን።

እኛ ተማሪዎች ማታ ማታ ፊደል በምናስቆጥርበት የሐይቅ ዳር ቀበሌ አንድ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ነበር። ከማኅበሩ ጀልባዎች አንዱ ሞተሩ አልነሣ ብሎ፥ መብራቱም ደብዝዞ፥ አራት ቀን ቆሞ አገኘነው። አባላቱ «ባትሪው ሞቷል» ብለው ፈርደውበት ለአዲስ ባትሪ ገንዘብ ማዋጣት ጀምረዋል። ከሚያዋጡት መካከል ለልጁ ደብተር የያዘውን የሰጠም ነበረ።

«ጋሼ፥ ባትሪውን አስለክተውታል?» ብለን የጀልባውን ኃላፊ ጠየቅናቸው።

«ምኑን አስለካዋለሁ ልጆቼ! ሞተሩ ካልነሣ ሞቷል ማለት እኮ ነው» አሉን።

ለካነው። ሞልቶ ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 ሲሆን ግማሽ ያህል ደክሟል፤ ከ11.9 በታች ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የእሳቸው ባትሪ 12.5 አሳየ። ከዚያ ቁልፉ ሲዞር እንደገና ለካነው፤ አንድ ጊዜ በባትሪው የእርሳስ ራስ ላይ፥ አንድ ጊዜ ደግሞ ራሱን በጨበጠው ማሰሪያ ላይ። በእርሳሱ ላይ 12.3፥ በማሰሪያው ላይ ግን 4 ቮልት! በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እኮ ከወረቀት ውፍረት አይበልጥም። ማሰሪያው ሲፈታ ውስጡ እንደ አመድ የነጣ ብናኝ ይዟል። በሙቅ ውኃ አጥበን፥ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን፥ አጥብቀን አሰርነውና ከላይ ግራሶ ቀባነው። ሞተሪኖው በመጀመሪያው ዙር አስነሣ። ከመዋጮው ጥቂቱ ለሽቦና ለፊውዝ ዋለ፤ የቀረው ለየባለቤቱ ተመለሰ። በጀልባ ላይ ከዕቃው ይልቅ መገጣጠሚያው ነው ቀድሞ የሚበላሸው። የጣና ውኃ እንደ ቀይ ባሕር ጨው ባይኖርበትም እርጥበቱ ብቻውን ለመዳብ በቂ ጠላት ነው። መብራት ደብዛዛ ሲሆን ወይም ፓምፕ ሲያቃስት መገጣጠሚያዎቹን በእጅ መዳሰስ ይጠቅማል፤ የሞቀው እሱ ነው።

እዚያው ጀልባ ላይ ግን ሌላ ነገር አየን። በፓምፑ ፊውዝ ቦታ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ ገብቷል፤ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ጠቁሯል። የቤንዚኑ በርሜል ደግሞ ሁለት ክንድ አይርቅም። ፊውዝ የሚገባው ለሽቦው ሲባል ነው፤ ሽቦው ሳይግል ፊውዙ ቀድሞ እንዲቃጠል። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ሽቦ ከ10 አምፔር ያልበለጠ ፊውዝ ይበቃዋል። ባትሪው ግን ሁለቱ ሽቦዎች ከተነካኩ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ሊለቅ ይችላል። በብርማው ወረቀት መንገድ ከፍተን ከለቀቅንለት የሚቃጠለው ፊውዝ ሳይሆን ጀልባ ነው።

ይህን ስንላቸው ጋሼ ቆጣ አሉ። «ሌሊት መሐል ሐይቅ ላይ ቢቃጠልብኝስ? ውኃ እየገባ ዝም ልበል?» አሉ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ፊውዝ አውጡ ብቻ ብሎ የሚሄድ አስተማሪ መልስ አልሰጠም። የየመጠኑ ሁለት ሁለት መለዋወጫ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። እሱም ካለቀ ከስልክ መሙያው ወይም ከሬዲዮው ላይ መጠኑ እኩል ወይም ያነሰ ፊውዝ ተነቅሎ ለፓምፑ ይግባ። ሁለተኛውም ወዲያው ከተቃጠለ ሽቦው ታሟልና ሦስተኛ አይግባበት፤ ባልዲ ይነሣ። ባልዲ ፊውዝ አይጠይቅም። በፊውዙ ሣጥን ክዳን ላይ ደግሞ የትኛው የምን እንደሆነ ይጻፍ፦ ፓምፕ 5፥ መብራት 5፥ ስልክ 3። በዚያ ጀልባ ላይ ይህን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ ሲታመም ሌሎቹ በግምት ይነቅሉ ነበር። ክዳኑ ላይ የጻፉት ከማታ ተማሪዎቻችን ሁለቱ ናቸው።

ፊውዝ ሲያቃጥል የነበረውን የፓምፕ ሽቦ ያገኘነው በዚያችው አምፑል ነው። ፓምፑን ከሽቦው ነቅለን አምፑሏን በፊውዙ ቦታ አስገባናት። መስመሩ ደህና ቢሆን መብራት አልነበረባትም፤ እሷ ግን ቦግ አለች። ሽቦውን ከሥሩ ጀምረን እየወዘወዝን ሄድን። ከመቀመጫው ሳንቃ ሥር ስንደርስ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ሚስማር ልባሱን ቦርቡሮ ሁለቱን መዳቦች አገናኝቷቸዋል።

ማታ ሞልቶ የታሰረ ባትሪ ጧት ባዶ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ያኔ ሁሉም ነገር ይጠፋና የነጌቲቩ ማሰሪያ ተፈትቶ አምፑሏ በባትሪው ራስና በማሰሪያው መካከል ትገባለች። ክሯ ከቀላ የሚሾልክ አለ፤ ፊውዝ አንድ በአንድ ሲነቀል በየትኛው እንደጠፋች ይታያል። ትንሽ ሹልክታ ግን እሷን ለማብራት አይበቃም፤ እዚህ ላይ ዲጂታሉ መለኪያ ይበልጣታል።

ከመንካት በፊት ክዳኖች ተከፍተው የቤንዚን ሽታ ይውጣ። ባትሪ ሲሞላ የሚያወጣው ጋዝም ስለሚፈነዳ ሲጋራና ክብሪት ይራቅ። ሲፈታ ነጌቲቩ ይቅደም፤ ሲታሰር ነጌቲቩ መጨረሻ ይሁን።

የተቆረጠ ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ለቤት ግድግዳ እንኳ ደግ አይደለም፤ ለጀልባ ደግሞ ወር አይቆይም። መዳቡ ብሩህ እስኪሆን ይላጥ፤ አንድ ስንዝር ተልጦም ጥቁር ከሆነ ሽቦው ሙሉ በሙሉ ይቀየር። መገጣጠሚያው በፒንሳ የሚጨመቀው የመዳብ ቀለበት ይሁን፤ በላዩም በሙቀት የሚኮማተረው የላስቲክ ቱቦ ይልበስ። ቦታው ከወለሉ ውኃ ከፍ ይበል። ሽቦው ወደ መብራቱ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ረገብ ብሎ ይታሰር፤ በላዩ የሚወርደው ውኃ ከዚያ ከረገበው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሽቦውን ተከትሎ ወደ መብራቱ አይገባም።