የኮከብ አወላለድ

ከዋክብት ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የነበሩ ይመስሉናል። ነገር ግን ዛሬም የሚወለዱ አሉ። ኮከብ የሚገኘው ከጋዝና ከአቧራ ደመና ነው። ደመናው በራሱ ስበት ይሰበሰባል፤ እየጠበቀ ሲሄድ መሐሉ ይግላል፤ በመጨረሻ ያበራል።

ጋላክሲ ማለት በቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት ስብስብ ነው። የኛ ፀሐይ ያለችበት ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ ይባላል። በሚያዝያ ምሽት ወደ ሰሜን ብናይ፣ ታላቁ ድብ በሚባሉት ከዋክብት አቅጣጫ ኤም 82 የሚባል ሌላ ጋላክሲ አለ። ያለ መነጽር አይታይም። ጀርመናዊው ዮሐን ቦደ በ1774 እ.ኤ.አ. አገኘው። ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ 12 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ በሰማይ ቤት ጎረቤት የሚባለው ይሄ ነው!

ኤም 82 ከፍኖተ ሐሊብ 10 እጥፍ ያህል በፈጠነ አኳኋን ከዋክብት ይወልዳል። ለምን? አጠገቡ ያለው ትልቁ ጋላክሲ ኤም 81 በስበቱ ስለጎተተው ጋዙ ተናውጦ ወደ መሐል ተከማቸ።

ግን ጥጋቡ አይዘልቅም። ከሚወለዱት ውስጥ በጣም ትላልቆቹ ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ፈንድተው ይሞታሉ። የፍንዳታው ኃይል ጋዙን ከጋላክሲው ወደ ላይና ወደ ታች እንደ ጭስ ያስወጣዋል። ያ ጋዝ ደግሞ ለሚቀጥሉት ከዋክብት ዘር ነበር። የዘሩን እህል ቆልቶ የበላ ገበሬ በሰኔ ምን ይዘራል? ኤም 82ም እንደዚያው ነው። ጋዙ ሲያልቅና ሲበተን ውልደቱ ይቀዘቅዛል፤ ይህ የሚሆነው ግን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ነው።