ማዳመጫው አልሞተም፤ ጉልበት አጣ እንጂ



ድሬ ጠያራ ለማስተማር ልምምድ በወጣን ጊዜ የልጆቹን የአማርኛ ንባብ በስልክ ቀርጸን ማታ ማታ እናዳምጥ ነበር። አንድ ጓደኛችን ባለ 600 ኦም ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 880 ማዳመጫ አመጣ። ሰካነው። ድምፁ እስከ መጨረሻው ተከፍቶም ድክም ያለ! «ሞቷል ይኼ» ብለን ብሎን መፍቻ ልንፈልግ ምንም አልቀረን።

ነገሩ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አያልፍም። ኃይል ማለት ቮልት በራሱ ተባዝቶ ለኦም ሲካፈል ነው። ይኸውም 1 ቮልት ለባለ 32 ኦም ማዳመጫ 31 ሚሊዋት ያህል ሲሰጥ፣ ለባለ 600 የሚሰጠው 1.7 ሚሊዋት ገደማ ብቻ ነው። በባትሪ የሚሠራ ጠንካራ ማጉያ መሐል ገብቶ 4 ቮልት ቢያወጣ ወደ 27 ሚሊዋት ያደርሰዋል።

ኦም ብቻውን ግን ያሳስታል። ሃይፋይማን ኤችኢ 6 የተባለው 50 ኦም ብቻ ሆኖ ሳለ ብዙ ጉልበት ይበላል፤ በአንድ ሚሊዋት የሚያወጣው 83.5 ዴሲቤል ነውና።

አደጋውም አለ። ማጉያው ለከባዱ እንደተከፈተ ትንሿን የስልክ ማዳመጫ የሰካ ሰው ጆሮውን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚፈቅደው በሳምንት 80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት ነው፤ 90 ከደረሰ 4 ሰዓት ብቻ! ስለዚህ መጀመሪያ ድምፁን ዜሮ አድርጎ መሰካት፣ ከዚያ ቀስ እያሉ መጨመር።

እኛም ማጉያ ተውሰን ያንኑ ቅጂ ደግመን ሰማን። በአፋን ኦሮሞ የ«ፀ» ድምፅ የለምና፣ «ፀሐይ»ን «ጠሐይ» ያሉት ልጆች የትኞቹ እንደሆኑ ያን ማታ ለየን።