የጀልባ ቀዘፋ ውድድር ከየት መጣ?

በመጽሔታችን ስለ እግር ኳስ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ዛሬ ስለ ጀልባ ቀዘፋ ውድድር ይዤላችሁ መጥቻለሁ። «ቴፒ ውስጥ ጀልባ የት አለ?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እሱንም እደርስበታለሁ።

የጀልባ ውድድር በዓል በፈረንጆቹ ሬጋታ ይባላል። ቃሉ የመጣው መንገዶቿ ውሃ ከሆኑት ከጣሊያኗ ከተማ ከቬኒስ ነው። ውድድሩ የተወለደው ከሥራ ነው። ድሮ ለንደን ውስጥ በቴምዝ ወንዝ ላይ ድልድይ ጥቂት ስለነበረ ሰው የሚሻገረው በጀልባ ነበር፤ እንደ ዛሬው ባጃጅ በሉት። በ1715 እ.ኤ.አ. ቶማስ ዶጌት የሚባል ተዋናይ ለወጣት ባለ ጀልባዎች ውድድር አዘጋጀ። ሽልማቱ ካፖርትና ከብር የተሠራ ባጅ ነበር። ይህ ውድድር ዛሬም አለ።

እኔ የወደድኩት ግን የ1829ኙን ነው። ቻርልስ ዎርድስወርዝና ቻርልስ ሜሪቬል አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። አንዱ ኦክስፎርድ፣ ሌላው ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገቡና በጀልባ ለመወዳደር ተጠራሩ። ሄንሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ተገናኝተው ኦክስፎርድ አሸነፈ። ተመልካቹ ብዙ ስለነበረ የከተማዋ ሰዎች በ1839 ስብሰባ ተቀምጠው የራሳቸውን ውድድር ጀመሩ። እዚያ ሁለት ሁለት ጀልባ ብቻ ነው የሚወዳደረው፤ የተሸነፈ ይሰናበታል።

በትልቁ ጀልባ ስምንት ቀዛፊዎች አሉ። የሚገርመው፣ ስምንቱም የሚቀዝፉት ለሚሄዱበት አቅጣጫ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው! ወደፊት የሚያየው መሪውን የያዘው ዘጠነኛው ብቻ ነው። እሱም ብዙ ጊዜ ትንሽና ቀላል ሰው ነው፤ አጫጭሮች ደስ ይበላችሁ። አንዱ ቀዛፊ ከሌሎቹ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ጀልባዋ ትንገዳገዳለች፤ ጉልበቱ ብቻውን ምንም አያደርግለትም።

ወደ እኛ እንምጣ። ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ፣ ጋምቤላ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። እንደ ጊሎ ያሉ ወንዞች ከእኛ ተራሮች ወደዚያ ሜዳ ሲወርዱ ድንጋይ ለድንጋይ እየተላተሙ ስለሆነ ለጀልባ አይመቹም። ባሮ ግን ጋምቤላ ሲደርስ ሜዳ ላይ ይተኛል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲከፈት ፈቀዱ፤ ከዚያ በኋላ ክረምት ውሃው ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ቡና ጭኖ ከጋምቤላ እስከ ካርቱም ይሄድ ነበር። አኙዋኮችም አንድ ግንድ ጠርበው ታንኳ ይሠራሉ፤ ጣና ላይ ደግሞ ከደንገል ይሠራል። ስለዚህ ወንዝም ቀዛፊም አለን ማለት ነው።

እንደኔ እንደኔ የቴፒና የጋምቤላ ተማሪዎች በወዳጅነት የሚገናኙበት ውድድር ባሮ ላይ ቢዘጋጅ ያምራል። ግን ባሮ አዞ አለበት፣ ብዙዎቻችንም ዋና አንችልም። እናቶቻችን እሺ የሚሉት መጀመሪያ ዋና ከተማርንና የሕይወት አድን ጃኬት ከተገኘ ነው። እስከዚያው ዝናብ ባባራ ቁጥር በሙዝ ግንድ ልጣጭ የተሠራ ጀልባችሁን ይዛችሁ ወደ ቦዩ ኑ፤ እንደ ሄንሊ ሁለት ሁለት እናወዳድራለን።