ቅንጦት የትኛው ነው?

ኤክሳይዝ ታክስ በማናቸውም ዕቃ ላይ የሚጣል ግብር አይደለም። በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 307 መሠረት፣ ግብሩ የሚያርፈው በቅንጦት ዕቃዎች፣ ጤናን በሚጎዱ ነገሮችና ዋጋቸው ቢጨምርም ፈላጊያቸው በማይቀንስ ሸቀጦች ላይ ነበር። አውቶሞቢልም ከእነዚሁ ጋር ተመደበ። እስከ 1,300 ሲ.ሲ. ለሆነው 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲ.ሲ. ለሆነው 60 በመቶ፣ ከ1,800 ሲ.ሲ. ለሚበልጠው 100 በመቶ ይከፈል ነበር።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ማስተዋል ይገባል። ወደብ እስኪደርስ 1,000,000 ብር የፈጀ ትልቅ አውቶሞቢል በ35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ 1,350,000 ብር ይሆናል። ኤክሳይዙ የሚሰላው ቀረጡ በተጨመረበት ዋጋ ላይ ስለሆነ ድምሩ 2,700,000 ብር ይደርሳል። በዚህ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ቀጥሎም 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲታከል 3,415,500 ብር ይሆናል። ግብር በግብር ላይ ይደራረባል ማለት ነው።

በ2012 ዓ.ም. አዲስ ረቂቅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በቀረበ ጊዜ ግን ክርክሩ ያየለው በባለጸጎች መኪና ሳይሆን በአሮጌው ላይ ነበር። ረቂቁ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ይጥል ነበርና። የመንግሥት ወገን፣ አሮጌ መኪና አየር ይበክላል፣ ለአደጋ ይዳርጋል፣ ለመለዋወጫም የውጭ ምንዛሪ ይፈጃል ሲል ተከራከረ። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው፣ አዲስ መኪና የሚገዛው ባለሀብት ጥቂት ሲከፍል፣ ለዓመታት ቆጥቦ ያገለገለች ቪትዝ የሚገዛው ደመወዝተኛ ከባዱን ሸክም መሸከሙ ፍትሕ አይደለም አሉ። የጭሱም ሆነ የአደጋው ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ቢሆንም አሮጌ ቪትዝን ከቅንጦት መቁጠር ለብዙ ሰው የሚዋጥ አልሆነም።

ምክር ቤቱ አዋጅ ቁጥር 1186ን የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. አጸደቀ። የአነስተኛ አዲስ አውቶሞቢል ታክስ ከ30 ወደ 5 በመቶ ሲወርድ፣ የአሮጌው እጅግ ከበደ። ቀድሞ አገር ውስጥ የገቡት አሮጌ መኪናዎችም ዋጋቸው ናረ። በ2014 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪናዎች ከኤክሳይዝ ነጻ ሆኑ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ።

ጥያቄዎች

1. ከላይ የተጠቀሰው አውቶሞቢል 1,300 ሲ.ሲ. ቢሆን ኖሮ በ1995ቱ አዋጅ መሠረት የመጨረሻ ዋጋው ስንት ይሆን ነበር?
2. «ቅንጦት» የሚለው ቃል በምንባቡ ውስጥ በሕጉና በተቃዋሚዎቹ ዘንድ የተለያየ ትርጉም የተሰጠው ለምንድን ነው?
3. ክፍሉ በሁለት ወገን ተከፍሎ በረቂቁ ላይ ይከራከር።