በሐሩር ለተመታ ሰው የሚደረግ የመጀመሪያ እርዳታና አነጋገር

በጂቡቲ ከተማ፣ በራስ ዲካም ሆነ በሌላው ሠፈር፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። በሐሩር የወደቀ ሰው ሲገኝ ረዳቱ ማንነቱን ተናግሮ «አይዞዎት፣ ብቻዎን አይደሉም» ይበለው፤ የት እንዳለም ያውቅ እንደሆነ ይጠይቀው። አፋርኛ፣ ሱማሌኛ፣ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ በሚሰማበት ከተማ የቋንቋ አለመግባባት የሕመም ምልክት እንዳይመስለው፣ እርዳታውን ሳያዘገይ አስተርጓሚ ይፈልግ። መልሱ የተዘበራረቀ ወይም የታጣ እንደሆነ ለሕይወት ያሰጋልና ፈጥኖ ሐኪም ያስጠራ፤ በሽተኛውን ወደ ጥላ አግብቶ ልብሱን ያላላለት፤ ገላውን በቀዝቃዛ ውኃ እያረጠበ ያራግብለት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ውኃ ማጠጣት ትንታ ያመጣልና ክልክል ነው፤ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ ይተኛ። ዝም ያለ ሰው ይሰማ ይሆናልና የሚደረግለት ሁሉ አስቀድሞ ይነገረው፤ ስለ መዳኑ ግን ያልተረጋገጠ ተስፋ አይሰጠው።