የጎማ ስፔሰር ደኅንነት፦ ውፍረት ብቻውን ለምን መለኪያ አይሆንም

የጎማ ስፔሰር በሞዞና በቸርኬ መካከል ገብቶ ጎማውን ወደ ውጭ የሚገፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚኒየም የሚሠራ ቀለበት ነው። የሚገጠመው ሰፊ ጎማ ከውስጥ በኩል ከአሞርዛተር ጋር እንዳይነካካ ወይም ለመኪናው ገጽታ ሲባል ብቻ ነው። ስለ ደኅንነቱ ሲነሣ በብዛት የሚሰማው አስተያየት «ቀጭኑ አያሰጋም፣ ወፍራሙ ያሰጋል» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ አስተያየቱ የተሳሳተ መለኪያ ላይ የቆመ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል። ሳይታሰብበት የገባ የ5 ሚሊ ሜትር ስፔሰር በሥርዓት ከተገጠመ የ30 ሚሊ ሜትር ስፔሰር የበለጠ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ መነሻው ጎማን ከመኪና ጋር የሚያያይዘው ኃይል ምንነት ነው። የመኪናውን ክብደት ቡሎኖቹ በቀጥታ የተሸከሙት ይመስላል፤ ነገር ግን በአግባቡ በጠበቀ ጎማ ላይ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ቡሎኖቹ ሲወጠሩ ቸርኬውን ከሞዞው ጋር የሚያጣብቀው የጭመቃ ኃይልና ከእርሱ የሚመነጨው ሰበቃ ነው። በአገራችን መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየውን፣ በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ በአራት ቡሎን የሚታሰረውን የቶዮታ ኮሮላ ጎማ እንውሰድ። የቡሎኑ ዲያሜትር 12 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ እርምጃ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ የማጥበቂያው ቶርክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። በተለመደው ቀመር፣ የዳዶ ሰበቃ ቁጥር 0.2 ተደርጎ ሲሰላ፣ እያንዳንዱ ቡሎን ወደ 43 ኪሎ ኒውተን፣ አራቱ በድምሩ ወደ 172 ኪሎ ኒውተን ይጨምቃሉ። በቸርኬና በሞዞ መካከል ያለው ሰበቃ 0.15 ቢሆን፣ መገጣጠሚያው ሳይንሸራተት የሚቋቋመው ሞመንት 1,290 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል።

ይህ ቁጥር ከኃይለኛ ፍሬን ጋር ሲነጻጸር ነው ትርጉም የሚያገኘው። ከነተሳፋሪዎቹ 1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በድንገት ሲቆም ከክብደቱ 70 በመቶው ወደ ፊት ጎማዎች ቢሸጋገርና የመንገዱ ሰበቃ 0.8 ቢሆን፣ ግማሽ ዲያሜትሩ 0.3 ሜትር በሆነ አንድ የፊት ጎማ ላይ 1,150 ኒውተን ሜትር ያህል ሞመንት ይደርሳል። ስሌቱ ሆን ተብሎ በጥንቃቄ የተያዘ ነው፤ የዳዶዎቹ ሾጣጣ መቀመጫም ተጨማሪ አቅም ይሰጣል። ቢሆንም የጭመቃ ኃይሉ በ15 በመቶ ቢቀንስ ሚዛኑ ይገለበጣል። መገጣጠሚያው መንሸራተት ከጀመረ ደግሞ ቡሎኖቹ በየዙሩ ይተጣጠፋሉ፤ ዳዶው ይላላል፤ ፍጻሜው የድካም ስብራት ነው።

እንግዲህ ስፔሰር ምን ያደርጋል? ቀድሞ አንድ የነበረውን የመነካኪያ ገጽ ሁለት ያደርገዋል። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ያለ ቀለም፣ ዝገትና አቧራ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ሲደቅ ከጭመቃው ይቀንሳል። ይህ ለቀጭኑም ለወፍራሙም እኩል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ቀጭኑ ስፔሰር የራሱ ቡሎን የለውም፤ በነባሩ ቡሎን ላይ ተሰክቶ ዳዶው ከላይ ይጠብቃል። ስለዚህ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ከዳዶው ሦስት ዙር የሚበልጥ ጥርስ ይወስዳል። ከዚህም ሌላ በሞዞው መሐል ያለውን፣ ቸርኬውን በመሐሉ ላይ የሚያስቀምጠውን አጭር ክብ ከንፈር ይሸፍናል፤ ቀጭን በመሆኑም የራሱን ከንፈር ለማውጣት ቦታ አይኖረውም። በኮሮላው ላይ ይህ ከንፈር 54.1 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር አለው። እርሱ ሲሸፈን ጎማውን መሐል ላይ የማቆሙ ኃላፊነት በዳዶዎቹ ሾጣጣ ላይ ብቻ ይወድቃል። ባለቤቱ የሚያውቀው መሪው ሲንቀጠቀጥ ነው፤ ጋራዡም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባላንስ ይልከዋል።

ወፍራሙ በአንጻሩ በነባሮቹ ቡሎኖች ከሞዞው ጋር ለብቻው ይታሰራል፤ ቸርኬው ደግሞ ስፔሰሩ ላይ በተተከሉ አዳዲስ ቡሎኖች ይያዛል። የጥርሱ ርዝመት ሙሉ ነው፤ ከንፈሩም ይኖራል። ጉድለቱ ሌላ ነው። ውስጠኞቹ ዳዶዎች ከቸርኬው ጀርባ ተደብቀዋል፤ ጎማ ሳይወልቅ መላላታቸውን ማየት አይቻልም። ስፔሰሩ ከነባሮቹ ቡሎኖች ርዝመት ካነሰ ደግሞ ጫፋቸው ወጥቶ የቸርኬውን ጀርባ ይገፋል፤ ዳዶው የጠበቀ ይመስላል እንጂ ቸርኬው አልተቀመጠም። ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ምንም ምልክት የለውምና።

ኩሽኔታውን በተመለከተ የሚነገረው ስጋት እውነት ቢሆንም ቀስ ብሎ የሚታይ ነው። 3 ኪሎ ኒውተን የሚሸከም ጎማ በ25 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ሲወጣ በቀጥታ መንገድ ላይ 75 ኒውተን ሜትር ሞመንት ይጨምራል። የባለ ኳስ ኩሽኔታ ዕድሜ ከጭነቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር በተቃራኒው ስለሚሄድ፣ ጭነቱ በ10 በመቶ ቢያድግ ዕድሜው በሩብ ያህል ያጥራል። የመሪው ጉዳይ ግን ችላ ሊባል አይገባም። ከ1972ቱ አውዲ 80 ወዲህ ብዙ የፊት ጎማ ነጂ መኪናዎች፣ የአንድ ወገን ፍሬን ቢከሽፍ መኪናው መሥመሩን እንዲይዝ ተብሎ የመሪው የመዞሪያ ዘንግ ከጎማው መሐል ውጭ መሬት እንዲነካ ተደርገው ተሠርተዋል። ይህ ርቀት በሚሊ ሜትር የሚለካ ነው፤ ስፔሰሩ ሊያጠፋው ይችላል።

አገሮች በጉዳዩ ላይ አንድ አቋም የላቸውም። አውስትራሊያ ለቀላል ተሽከርካሪዎች ባወጣችው የማሻሻያ ደንብ አምራቹ ራሱ ካልገጠመው በቀር አትፈቅድም። በጀርመን የተመረመረና የጸደቀ ስፔሰር ይፈቀዳል፤ ፖርሽም ለ911 ሞዴሎቹ ረዘም ካሉ ቡሎኖች ጋር ራሱ አቅርቧል። እዚህ ላይ አንድ የቴክኒክ ልዩነት አለ። በብዙ የጀርመን መኪናዎች ቡሎኑ በቸርኬው በኩል ገብቶ ሞዞው ውስጥ ስለሚጠመዘዝ በረጅም መተካቱ ቀላል ነው። በቶዮታ ግን ቡሎኑ ሞዞው ላይ ተጨምቆ የተተከለ በመሆኑ እርሱን መለወጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ስለዚህም ይዘለላል። የጀርመኑን ልምድ ለኮሮላ እንደ ማስረጃ ማቅረብ ይህን መርሳት ነው።

በጋራዦቻችንና በጎሚስታ ቤቶች የቶርክ መፍቻ እምብዛም አይታይም፤ ዳዶ በእግር ተረግጦ ይጠብቃል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ከ40 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ ቢቆም 275 ኒውተን ሜትር ያሳድራል፤ ከተፈቀደው ሁለት ዕጥፍ ተኩል በላይ ነው። 8.8 ደረጃ ያለው እንዲህ ያለ ቡሎን በቋሚነት ሳይለጠጥ የሚችለው 53 ኪሎ ኒውተን ያህል በመሆኑ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጎድቷል ማለት ነው። ስፔሰር የገባበት ጎማ በቶርክ መፍቻ መጥበቅና ከመጀመሪያው 50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ እንደገና መፈተሽ ይኖርበታል። መፍቻው ከመነሣቱ በፊት ግን ማንም ሊሠራው የሚችል ፈተና አለ፦ ዳዶውን በእጅ ማዞርና ከመጀመሪያው ጥርስ እስከ መቀመጫው ድረስ ዙሮቹን መቁጠር። በ1.5 እርምጃ ከቡሎኑ ዲያሜትር ጋር እኩል የሆነ ጥርስ ለመያዝ 8 ሙሉ ዙር ያስፈልጋል። ቁጥሩ 5 ወይም 6 ላይ ከቆመ ስፔሰሩ መውጣት አለበት፤ አለዚያም ቡሎኖቹ በረጃጅሞች መተካት አለባቸው።